ቬርሞንት ውስጥ የምታምረው የኮሌጅ ከተማ የትኛዋ ናት?

ይህን ጥያቄ ኢንተርኔት ላይ ጠይቄ የውይይቱን ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው። ልጄ አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት፣ ኮሌጅ እያማረጠች ነው። የምንኖረው ቦስተን አጠገብ ነው። ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ሦስት ቀን ፈቃድ ወሰድኩ። ፍርፍሩን በሳህን አሽጌ፣ ቡናውን በፔርሙስ ይዤ፣ እሷን ከጎኔ አስቀምጬ በ89 አውራ ጎዳና ወደ ቬርሞንት ወጣን። እኔ የሄድኩት ኮሌጆቹን ለማየት አልነበረም። ኮሌጁንማ እሷ በስልኳ አጥንታ ጨርሳዋለች። ከተሞቹን ነበር ማየት የፈለግኩት። ልጅ አራት ዓመት የሚኖርበትን ቦታ እናት በዓይኗ ካላየች እንቅልፍ አይወስዳትም።

ስመለስ ያየሁትን ጻፍኩ። ቬርሞንት ውስጥ የኮሌጅ ከተማ የሚባለው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም በርሊንግተን ነው፣ የቀረው ኮሌጅ የተተከለበት ገጠር ነው ብዬ ደመደምኩ። መጨረሻው ላይ ከተሳሳትኩ አርሙኝ የሚል ቃል ጨመርኩ። እሱን መጨመር አልነበረብኝም። ሠላሳ ስምንት መልስ መጣ።

ለማያውቀው ሰው፣ ቬርሞንት ትንሽ ስቴት ናት። ስፋቷ 25 ሺህ ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ሕዝቧ 650 ሺህ አይሞላም። ከአምሳዎቹ ስቴቶች በሕዝብ ከሷ የምታንሰው ዋዮሚንግ ብቻ ናት። ትልቁ ከተማዋ በርሊንግተን ራሱ 45 ሺህ ሰው ቢኖርበት ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

መልስ ቁጥር 1 ከሜሪላንድ ነው። ልጄንም እኔንም መርቆ፣ ስለ ከተማ አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሄደ። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አንድ አይጠፋም። ይብዛልን።

ቁጥር 2 በርሊንግተን የተማረ ነው፣ ከእኔ ጋር ተስማማ። ዩኒቨርሲቲው የተመሰረተው በ1791 መሆኑን ነገረን፤ ቬርሞንት አስራ አራተኛዋ ስቴት ሆና የገባችበት ዓመት ማለት ነው። ከዚያ ስለ ቸርች ስትሪት ጻፈ። እኔም ያየሁት ነው። መኪና የማይገባበት፣ ጡብ የተነጠፈበት መንገድ ነው። አራት ብሎክ ያህል ይሄዳል። ጫፉ ላይ ከ1816 ጀምሮ የቆመ ባለ ጡብ ቤተ ክርስቲያን አለ። ከዚያ ቁልቁል ከወረዱ ሻምፕሌን ሐይቅ ነው። ፀሐይዋ ከሐይቁ ማዶ፣ ኒውዮርክ ካሉት ተራሮች ጀርባ ትገባለች። ተማሪ እያለ ፈተና የከበደው ቀን እዚያ ሄዶ ይቀመጥ እንደነበር፣ የድሮው የባቡር መስመር ሐይቁን ሰንጥቆ በሚሄድበት ድልድል ላይ በብስክሌት ይነዳ እንደነበር ጻፈ። ደስ አለኝ። ክሩ እዚያው ቢያልቅ ኖሮ አሸናፊ ነበርኩ።

ቁጥር 3 ግን ሊምረኝ አልመጣም። ቬርሞንትን ቅጠሉ በቀላበት ሰሞን አይቶ ስለ ውበት ማውራት፣ ሙሽራን በሠርጓ ቀን አይቶ መልኳን እንደ መመስከር ነው አለ። ኖቬምበር ላይ ቅጠሉ ይረግፋል፣ በረዶውም ገና አይመጣም፣ ባዶ እንጨት ብቻ ይቀራል። ማርችና ኤፕሪል ደግሞ የጭቃ ወቅት የሚባል አለ፤ አገሬው እንደ አምስተኛ ወቅት ነው የሚቆጥረው። ከቬርሞንት መንገዶች ከግማሽ በላዩ አስፋልት አልነካውም። ሰውየው አንድ ኤፕሪል ላይ ጂፒኤሱን አምኖ በአቋራጭ ገባና መኪናው እስከ ጎማው ቂጥ ሰመጠች። አንድ ገበሬ በትራክተር መጥቶ ጎተተለት። ብር ሲሰጠው ገበሬው እንደተሰደበ ሰው ፊቱን አዞረ። ለካ ጎረቤት ነው የቆጠረው። ታሪኩን ወደድኩት። ግን የቱን ከተማ እንደሚመርጥ ሳይነግረን ነው የጨረሰው።

ቁጥር 4 ናት ነገሩን ያጠነከረችው። የሚድልበሪ ጠበቃ ሆና ገባች። ሚድልበሪ በ1800 የተመሰረተ ኮሌጅ ያለበት፣ ዘጠኝ ሺህ ያህል ሰው የሚኖርበት ከተማ ነው። ኮሌጁ ከ1915 ጀምሮ በየክረምቱ፣ ማለትም ጁላይና ኦገስት ላይ፣ የቋንቋ ትምህርት ቤት ይከፍታል። ተማሪው ሲገባ ከሚማረው ቋንቋ ውጭ ላለመናገር ፈርሞ ነው። እሷ ፈረንሳይኛ ልትማር አንድ ክረምት ገብታለች። ችግሩ እናቷ ነበሩ። እናቷ አዲስ አበባ ናቸው፣ በየእሑዱ ይደውላሉ፣ ፈረንሳይኛ አያውቁም። ፊርማ ፊርማ ነው፤ ዶርም ውስጥ በአማርኛ ቢሰሟት ታፍራለች። በመሀል ከተማው ኦተር ክሪክ የሚባል ወንዝ ያልፋል፣ ፏፏቴም አለው። ከፏፏቴው በታች የእግረኛ ድልድይ አለ። ስልኩ ሲጮህ እዚያ ትሮጣለች። ውሃው ስለሚያስገመግም ማንም አይሰማትም፣ እናቷም አይሰሟትም፣ ስለዚህ ሁለቱም እየጮሁ ያወራሉ። ለሷ ቆንጆ ከተማ ማለት መሀሉ ላይ የሚጮህ ውሃ ያለው ነው።

ይህን አንብቤ ሳቄ አልቆም አለ። እኛም እኮ እዚያ ድልድይ ላይ ቆመናል። ልጄ ፎቶ ስታነሳ የውሃው ርጭት መነጽሬን አጠበልኝ። እና በቁጥር 5 ራሴ መለስኩ። ፏፏቴው እውነትም እንደሚያምር አመንኩ። ግን ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ከፏፏቴው በቀር የሚሰማ ድምፅ እንዳልነበር ጨመርኩ። ያን ምሽት ራት ፍለጋ ዞረን ዞረን ፍርፍራችንን መኪና ውስጥ ነው የበላነው።

ከዚያ ቁጥር 6 መጣና የጥያቄዬን መሠረት ናደው። በጨዋ ቋንቋ ነው የጻፈው፣ ግን የጨዋ ዱላ ይብሳል። የኮሌጅ ከተማ ማለት ኮሌጁ ቢነሳ ባዶ የሚቀር ከተማ ነው የሚል ነው ክርክሩ። በርሊንግተን ዩኒቨርሲቲው ባይኖርም ሆስፒታል አለው፣ ሐይቅ አለው፣ አጠገቡ የኮምፒውተር ቺፕ ፋብሪካ አለው፣ ቱሪስት አለው። ስለዚህ በርሊንግተን ኮሌጅ ያለበት ከተማ ነው እንጂ የኮሌጅ ከተማ አይደለም። እኔ ገጠር ያልኳቸው ናቸው እውነተኞቹ። መልስ አጣሁ። እስካሁንም አላገኘሁም።

ቁጥር 7 ኖርዊችን ሳትረሱ አለ። የወታደር ዩኒቨርሲቲው ያለበት፣ ወንዝ ዳር ያለ፣ ነጭ ቤቶቹ የሚያምሩ ከተማ ነው ብሎ ገለጸው። ሰውየው ሁለት ከተማ ቀላቅሏል። ቁጥር 8 አረመው፣ እርማቱ ላይ ግን ትንሽ ጨው በዛበት። ኖርዊች ዩኒቨርሲቲ በ1819 የተመሰረተው በርግጥ ኖርዊች ውስጥ ነው። ግን ግቢው ተቃጥሎ በ1866 ወደ ኖርዝፊልድ ተዛውሯል። ስሙን ይዞ ሄደ፣ ከተማው እዚያው ቀረ። ወንዝ ዳር ያለችው ኖርዊች ዛሬ ዩኒቨርሲቲ የላትም። ያላት ጎረቤት ነው፤ ከኮነቲከት ወንዝ ማዶ ሃኖቨር አለ፣ ሃኖቨር ውስጥ ደግሞ በ1769 የተመሰረተው ዳርትመዝ ኮሌጅ አለ።

እዚህ ላይ ቁጥር 9 ታዲያ ከሁሉም የሚያምረው ሃኖቨር ነው ብሎ ክርክሩን ሊዘጋው ሞከረ። ቁጥር 10 ሃኖቨር ኒው ሃምፕሻየር መሆኑን፣ ጥያቄው ግን ስለ ቬርሞንት መሆኑን፣ አንብቦ መመለስ እንደሚቻል አስታወሰው። ከኖርዊች ተነስቶ ዳርትመዝን ማየት ይቻላል፣ ድልድይ መሻገር ብቻ ነው፤ የሕግ ድንበርና የእግር ድንበር አንድ አይደለም። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ክሩ ላይ ግን አልጻፍኩትም። ፈራሁ።

ከዚያ ቁጥር 11። ይኸኛው አጭር ነበር። ሰውየው ፖልትኒ የሚባል ከተማ አንድ ቅዳሜ አልፎ እንደነበር ጻፈ። ዋናው መንገድ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ የኮሌጁ ግቢ ላይ ያበቃል። ከተማው ሲቀየስ ሰው ሁሉ ወደ ኮሌጁ እንዲሄድ ተደርጎ የተቀየሰ ይመስላል። ኮሌጁ ግሪን ማውንቴን ይባላል። በ1834 ተመስርቶ በ2019 ተዘግቷል። ሰውየው ሲደርስ የጡብ ሕንፃዎቹ ቆመዋል፣ ዛፎቹም አሉ፣ አግዳሚ ወንበሮቹም አሉ። ተማሪ የለም። ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ቡናውን ጠጥቶ ሄደ። ከዚያ በላይ አልጻፈም፣ የትኛው ያምራል የሚለውንም አልነካም። ክሩ ለግማሽ ቀን ዝም አለ።

ቁጥር 12 ዝምታውን የሰበረው ዝርዝር ይዞ ነው። ቤኒንግተን ከተማ የነበረው ሳውዘርን ቬርሞንት ኮሌጅ በዚያው በ2019 ተዘጋ። ማርልቦሮ በ2020። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ለተመለሱ ወታደሮች በ1946 የተከፈተ ኮሌጅ ነበር፤ ግቢው ላይ አሁን የቀረው የክረምቱ የሙዚቃ ፌስቲቫል ነው። ፕሌንፊልድ የነበረው ጎዳርድ በ2024። የመንግሥቶቹ ካስልተን፣ ጆንሰን፣ ሊንደንና ራንዶልፍ ደግሞ በ2023 ተጠቃለው ቬርሞንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተብለዋል። ተማሪ አነሰ፣ ስቴቷም ትንሽ ናት፣ ወጣቱም ይወጣል።

እኔ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ለካ ቁጥር 6 ኮሌጁ ቢነሳ ያለው በምሳሌ አልነበረም። በቁጥር 13 የጠየቅኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጅ ገብታ ሁለተኛ ዓመት ላይ ኮሌጁ እንዳይዘጋባት እናት በምን ታውቃለች? ቁጥር 14 የሒሳብ ባለሙያ ነኝ ብሎ በሚገባ መለሰልኝ። የግል ኮሌጆች አብዛኞቹ ለትርፍ ያልቆሙ ስለሆኑ በየዓመቱ ለታክስ መሥሪያ ቤቱ የሚያስገቡት ቅጽ 990 ለማንም ክፍት ነው። ገቢና ወጪው ለተከታታይ ዓመታት ከተጓደለ፣ አዲስ የሚገባው ተማሪ በየዓመቱ እየቀነሰ ከሄደ፣ የተቀማጩ ገንዘብ ከተነካ፣ ግቢው የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ሌላው ሂጂ ነው ምክሩ። ከሠላሳ ስምንቱ መልስ ወረቀት ላይ የገለበጥኩት ይህን ብቻ ነው። ፍሪጅ ላይ ለጥፌዋለሁ።

ቤኒንግተን ላይ ቁጥር 15 እና 16 ትንሽ ተጋጩ። አንዱ ወደ 93 ሜትር የሚሆነውን የጦርነት መታሰቢያ ሐውልትና የገጣሚውን የሮበርት ፍሮስትን መቃብር ይዞ መጣ። ሌላው ዛሬም ያለው ቤኒንግተን ኮሌጅና መሀል ከተማው የሚተዋወቁ አይደሉም ብሎ አጣጣለው። እኔ ቤኒንግተንን ስላላየሁ አለፍኳቸው። ቁጥር 17 ስለ ጆንሰን ጻፈ። ወንዝ ዳር ያለ ከተማ ያምራል ለምንል ሁሉ ጁላይ 2023ን አስታወሰን። ያን ጊዜ ጎርፉ ጆንሰን ገባ፣ ዋና ከተማዋን ሞንትፔሊየርንም አጥለቀለቀ። ቁጥር 4 ለዚህ ምንም አልመለሰችም። ውሃ የሚጮህበት ሁሉ ደስ አይልም ማለት ነው።

ቁጥር 18 ሁላችንም የዘለልነውን ጥያቄ ጠየቀች። ከቬርሞንት ሕዝብ ከመቶው ዘጠና ያህሉ ነጭ ነው። የልጅሽን ፀጉር ማን ይሠራታል ነው ነገሩ። ለመልኩ ሲባል እንዳይመስላችሁ፤ አራት ዓመት ፀጉርን የሚያውቅ እጅ ሳያገኙ መኖር ምን እንደሆነ የኖረ ያውቀዋል። የሷ ልጅ ሌላ ስቴት ነው የተማረችው፣ ለሹሩባ ሁለት ሰዓት ተኩል በአውቶቡስ ትሄድ ነበር። ሁለተኛው ዓመት ላይ ቆረጠችው። እናት በቪዲዮ ስታያት አለቀሰች። ልጅቷ ግን ቀለለኝ አለች።

ቁጥር 19 ለዚህ ጥሩ መልስ ነበረው። ከበርሊንግተን ጋር በወንዝ ብቻ የምትለይ ዊኑስኪ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ስደተኞች ለረጅም ዓመታት የሰፈሩባት ናት። ሶማሌው፣ ኮንጎው፣ ቡታኑ፣ ኔፓሉ አለ። ቅመም የሚሸጥ ሱቅ አለ፣ ፀጉር የሚሠራ እጅም አይጠፋም። ቁጥር 20 ጤፍስ ብሎ ጠየቀ። ጤፍ ላይ የመለሰ የለም። ከቦስተን ይዛችሁ ሂዱ ማለት ይመስለኛል። አይስ ቦክስ ካለ እንጀራ ሦስት ሰዓት ተኩል ይችላል፣ ሞክሬዋለሁ።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም እህታችን፣ እርስዎ እያለ ነው የሚያናግረኝ። ቁጥር 21 አንቺ ብሎ ገባ። ገና አንቺ የሚለውን ሳይ ምን እንደሚመጣ ገባኝ። መጋረጃ እንደሚገዛ ሰው ከተማ ታማርጫለሽ ነው ክሱ። በሱ ጊዜ ውበት የሚባል ወሬ አልነበረም። ማትሪክ ተፈትነህ፣ ምርጫህን ሞልተህ፣ ሚኒስቴር የመደበህ ቦታ ነው የምትሄደው። ፍራሽህን ጠቅልለህ፣ አውቶቡስ ላይ ጭነህ፣ ጎህ ሳይቀድ። ሐይቅ ይኑረው ተራራ ይኑረው የምታውቀው ስትደርስ ነው። እና ተምረናል፣ ሰው ሆነናል አለ።

ቃሉ መረረኝ፣ ግን ውሸት አላገኘሁበትም። እኛ ከተማ መርጠን አናውቅም። ከተማው ነው እኛን የመረጠን። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አሁን ለልጆቻችን ስንመርጥ እንዲህ የምንንቦጫረቀው።

ቁጥር 21 ግን ያላሰበው ነገር ሆነ። ምደባ የሚለው ቃል እንደተጻፈ ቬርሞንት ተረሳ። ከ22 እስከ 29 ያለው አንድም ቬርሞንት የሚል ቃል የለበትም። አንዱ ባሕር ዳር ፔዳ ግቢ ደርሶት የነበረ ነው፤ ዘንባባው ሥር ማታ ማታ የሚደረገውን ሽርሽር አነሳ። ሌላው ሐዋሳ ነበር፤ አሞራ ገደል ዓሣ ያልበላ ሰው ተመረቅኩ ባይል ይሻለዋል አለ። አንዷ ሐዋሳ ንፁሕ ነው ግን ነፍስ የለውም ስትል፣ ሐዋሳው ሰውዬ ከተማውን በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው ያየችው ብሎ ተነሳባት። ጎንደሬው መጣ፤ እናንተ ያላችሁ ውሃ ነው፣ እኛ ያለን ግንብ ነው አይነት ነገር ተናግሮ ሁለቱንም አስቆጣ። ጅማ የተማረች ዶክተር ዝናቡንና የቡናውን ሽታ ስትጠራ የተቃወማት አልነበረም፤ የሚገርመው እሱ ነው። አርባ ምንጭ ደግሞ ከላይ ከሰቻ ቁልቁል ሲታይ አባያና ጫሞን አንድ ላይ ያሳያል፤ ይህን የጻፈው ልጅ በቁጥር ተራ ብንሄድ ሁለት ሐይቅ ከአንድ ይበልጣል ብሎ ሒሳብ ሠራ። ቁጥር 28 እና 29 ስለ ዓሣ ጥሬ መብላት ነው፤ ባልጽፈው ይሻላል። አድሚኑ በቁጥር 30 ገብቶ ሁሉንም ገሰጸ፣ ሁለት መልስም አጠፋ። ራሱ ግን ሲወጣ ባሕር ዳር ነው ብሎ ወጣ።

ከዚያ ቁጥር 31 መጡ። እርሳቸውን አንቱ ሳልል ማለፍ አልችልም። አለማያ በድሮው ጊዜ የተማሩ የእርሻ ሰው ናቸው፣ ዛሬ ጡረታ ላይ ናቸው። የቬርሞንትንና የኢትዮጵያን ሁለት ክርክር በአንድ ገመድ አሰሩት። ቬርሞንት ውስጥ ስትራፎርድ የምትባል መንደር አለች። አንጥረኛ አባት የነበረው ጀስቲን ሞሪል የሚባል ሰው እዚያ ተወለደ። ኮሌጅ አልገባም፣ በአስራ አምስት ዓመቱ ትምህርት አቁሟል። ኋላ የኮንግረስ አባል ሆነ። በ1862 በስሙ የሚጠራው ሕግ ወጣ። ሕጉ ስቴቶች የፌዴራል መሬት ተሰጥቷቸው፣ ከዚያ በሚገኘው ገንዘብ የእርሻና የመካኒክ ጥበብ ኮሌጅ እንዲያቋቁሙ የሚያደርግ ነው። ከዚያ ሕግ ከተወለዱት አንዱ የኦክላሆማው ኮሌጅ ነው። የኦክላሆማው ኮሌጅ ደግሞ በ1950ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ አለማያን አቋቋመ። ለዚህ ነው የአለማያ የመጀመሪያ ስሙ ውስጥ እርሻና መካኒክ ጥበብ የሚለው የነበረው። እርሳቸው ከዓመታት በፊት ስትራፎርድ ሄደው የሞሪልን ቤት አይተዋል። ቤቱ ሮዝ ቀለም ነው። በር ላይ ቆመው ኮፍያቸውን አወለቁ። የሚያምረውን ከተማ ጠይቃችሁ ኮሌጅ የሌላትን መንደር እመርጣለሁ ብለው ጨረሱ።

እኔ ክሩን ከፍቼ ስለ ራሴ ያልተናገርኩት ነገር ነበር። የደረሰኝ አለማያ ነው። በቁጥር 32 ጻፍኩት። ስንገባ ሐይቁ መንገዱ ዳር ነበር። ሲኒየሮቻችን ድሮ እስከዚህ ድረስ ነበር እያሉ ደረቅ መሬት ያሳዩን ነበር። እኔም ተመርቄ ስወጣ ለፍሬሾቹ ሌላ ደረቅ መሬት አሳየሁ። ከጥቂት ዓመት በኋላ ጨርሶ ደረቀ። በርሊንግተን ሐይቁ ዳር ስቆም ልጄ ለምን ዝም አልሽ አለችኝ። ቡናው ሞቆብኝ ነው አልኳት። ቡናው እኮ ከፔርሙስ ከወጣ ግማሽ ሰዓት አልፎታል። ደግሞ በ89 ስንወጣ በስትራፎርድ አጠገብ አልፈናል፤ ባውቅ ኖሮ ታጥፌ ገብቼ ያንን ሮዝ ቤት አይቼ እመጣ ነበር።

ቁጥር 33 ፖለቲካ ነው። የበርሊንግተን ሐይቅ ዳር ድሮ የባቡርና የነዳጅ ታንከር ግቢ እንደነበር፣ አሁን ሰው የሚዝናናበት የሆነው ኋላ ሴናተር የሆነው በርኒ ሳንደርስ ከንቲባ ከሆነ ወዲህ መሆኑን፣ ሰውየውም በ1981 የተመረጠው በአስር ድምፅ ብልጫ መሆኑን ጻፈ። እስከዚህ መልካም። ቀጥሎ ስለ አሁኑ ምርጫ ሊል ሲል አድሚኑ ቀጨው።

ቁጥር 34 በርሊንግተን የምትሠራ ነርስ ናት። የማደንቀው መልስ ይህ ነው። ከተማዋን አላሞገሰችም፣ አላጣጣለችም። የቤት ኪራዩ ተማሪውንም ሠራተኛውንም እያስለቀሰ እንደሆነ፣ ከኮቪድ ወዲህ ደግሞ ቸርች ስትሪት ላይ መጠለያ ያጣ ሰው በዓይን እንደሚታይ ሳትደብቅ ነገረችኝ። ፌብሩዋሪ ላይ፣ በሥራ ቀን፣ ከሰዓት በኋላ አስራ አንድ ሰዓት ላይ መጥተሽ እይው አለች፤ ያኔ ሊጨልም ነው፣ ሐይቁም ነጭ ሆኗል። ያኔ ከወደድሽው ወደድሽው ማለት ነው። ሚድልበሪንም እንዲሁ። በ2022 ባቡር ከኒውዮርክ በሚድልበሪ አልፎ በርሊንግተን ድረስ መግባት ስለጀመረ መኪና ሳትነጂ ሁለቱንም ማየት ትችያለሽ ብላ ጨመረች። እኔ ቦስተን ነኝ፣ ባቡሩ አይጠቅመኝም። ግን ሐሳቧ ደስ አለኝ።

ቁጥር 35 ላይ ስሙን ሳየው ደነገጥኩ። ልጄ ናት። የአክስቷ ልጅ ልኮላት ነው። አማርኛውን በላቲን ፊደል ነው የጻፈችው፣ ስህተቱም ለጉድ ነው። ነገሩ ግን ግልጽ ነው። ሠላሳ አራት መልስ ሲጻፍ እሷን የጠየቀ የለም። እሷ የወደደችው በርሊንግተንንም ሚድልበሪንም አይደለም። የመጀመሪያው ቀን ነዳጅ ልንቀዳ በመውጫ 4 ወጥተን ነበር። እኔ መንገድ ስቼ ሽቅብ ወጣሁ። ኮረብታው አናት ላይ አንድ መንገድ ብቻ ያላት መንደር አለች። ከግራም ከቀኝም ተራራ ይታያል። ጎን ለጎን የቆሙ የኮሌጅ ሕንፃዎች አሉ። እኔ መኪናውን ለማዞር አምስት ደቂቃ ስማረር፣ ስልኬ አልሠራም ብዬ ስነጫነጭ፣ እሷ መስኮት ዝቅ አድርጋ ታይ ነበር። ለካ ራንዶልፍ ሴንተር ናት። ያ ከተጠቃለሉት አንዱ፣ የቴክኒኩ ኮሌጅ ግቢ ነው። የእንስሳት ሕክምና ቴክኒሽያን ትምህርት እንዳለው ማታውኑ ሆቴል ውስጥ አንብባለች። ለእኔ አልነገረችኝም። እኔ ያን ምሽት ስለ ቸርች ስትሪት ጡብ እያወራሁ ነበር።

ቁጥር 36 አባቷ ናቸው ብዬ ጠርጥሬ ነበር፤ አይደሉም። ግን እንደ አባት ነው የጻፈው፤ እንስሳ ከማከም ሰው ማከም እንደሚሻል መከራት። ቁጥር 37 ቁጥር 31 የነበሩት ሽማግሌ ናቸው። ለቁጥር 36 አልመለሱም። ለልጄ ብቻ፣ ስለ ላምና ስለ ወተት አንድ ረጅም አንቀጽ ጻፉላት፣ እሷም ልብ አድርጋላቸዋለች። ሁለቱ አሁን በውስጥ መስመር ይጻጻፋሉ። እኔ አልተጠራሁም።

ቁጥር 38 ከሳምንት በኋላ መጣ። ከላይ አንድም ነገር እንዳላነበበ ያስታውቃል። ከእነዚህ ከተሞች የማይበርደው የትኛው ነው ብሎ ጠየቀ። እስካሁን የመለሰለት የለም።